ሻደይን አየነው እንጂ መቼ አነበብነው?

ዘፈን ይዘፈናል እንጂ አይነበብም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ግጥም በመጽሐፍ የታተመው ነው፤ የዘፈን ቃል ግን ለከበሮው ማጀቢያ ነው ይላሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ከእነርሱ ወገን ነበርኩ። ዛሬ ግን ከእነርሱም፣ ከትናንቱ ከራሴም ጋር ሙግት አለኝ።

የተወለድኩት ሰቆጣ ነው። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ 21 ድረስ ልጃገረዶች ለምለሙን የሻደይ ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ሲጫወቱ አይቼ አደግሁ። «አይቼ» አልኩ እንጂ «ሰምቼ» አላልኩም። ሹሩባው፣ ጥልፉ፣ የሣሩ ውዝዋዜ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቃሉ ግን በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ኖሯል።

አንድ ክረምት አክስቴን የልጅነት ዘፈኗን እንድትነግረኝ ለመንኳት፤ ደብተሬን ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። ሁለት ስንኝ እንዳለች ቆመች። «ካላዜምኩት አይመጣልኝም፣ ልጄ» አለችኝ። አዜመች፤ ጻፍኩ። ማታ ብቻዬን፣ ያለ ከበሮና ያለ ጭብጨባ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት።

ያን ጊዜ አፈርኩ። የባለቤቱን ደጅ የሚያወድስ ብቻ የመሰለኝ ዘፈን በውዳሴው ውስጥ ስስታምነቱን እየወጋ ኖሯል! ምሥጢሩ ያለው በአንዲት ቃል ነው። ስትላላ ምስጋና፣ ስትጠብቅ ወቀሳ ናት። አንባቢ ሆይ፣ «አለ» የምትለውን ቃል አስባት፤ ስትላላ መናገር፣ ስትጠብቅ መኖር ናት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ፣ በወረቀቱ ላይ ሰሙም ወርቁም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዜማው ግን አንዱን ብቻ ነበር የሰማሁት። ይህ ቅኔ ካልሆነ ቅኔ ምንድን ነው?

«ቃሉን ከዜማው መነጠል ነፍሱን ማውጣት ነው» የሚል ሙግት ይመጣብኛል። ግማሹን እቀበላለሁ፤ አክስቴም ያለ ዜማ ቃሉ አልመጣላትም። እኔ ግን በወረቀቱ አላበቃሁም። በማግሥቱ ሄጄ እንደገና አዜሚልኝ አልኳት። ወቀሳዋ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ማንበቤ ዜማውን አልገደለውም፤ ጆሮዬን ከፈተው እንጂ።

ሌላው ዓለም ይህን ካወቀ ቆይቷል። ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን ከመቶ ዓመት በፊት ከ700 የሚበልጡ የትግረ ዘፈኖችን ጽፎ ለኅትመት አብቅቷል። የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም በ2016 እ.ኤ.አ. ለዘፋኙ ለቦብ ዲላን ተሰጥቷል። እኛ ግን የራሳችንን ለማንበብ የፈረንጅ ፈቃድ የምንጠብቅ እንመስላለን።

ሻደይ ዛሬ አደባባይ ወጥቷል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ካሜራው ሹሩባና እግር ሲከተል፣ የመድረክ መሪው በግጥሙ ላይ ሲናገርበት አያለሁ። ልብሱን አከበርን፤ ቃሉን ግን እንደ ጫጫታ ቆጠርነው። የአገው ኽምራ ቋንቋ ኽምጣንጋ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ስለዚህ ፊደል አጣን የሚል ምክንያት የለንም። እኔ ራሴ ሰምቼ እረዳዋለሁ እንጂ ጽፌው አላውቅም። ይህም የእኔ እንጂ የቋንቋው ጉድለት አይደለም።

የዋግ ስም በሩቅ አገር ሰው ዘንድ ከተነሣ የሚነሣው ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ነው። ያ መከራ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባም። ሆኖም ያው ሕዝብ በአንዲት ቃል መጥበቅና መላላት ስስታምን የሚቀጣ ባለቅኔ መሆኑንስ ማን ይመስክርለት? ቃሉን የያዙት እናቶች እያረጁ ነው። አክስቴም አርጅታለች።

እንግዲህ በመጪው ነሐሴ ወደ ሰቆጣ የምትወጣ ወንድሜ ሆይ፣ የምትወጪ እኅቴ ሆይ፣ ካሜራችሁን ያዙ፤ አልከለክልም። ደብተርም ግን ያዙ። አዚሙልን በሏቸው፣ ጻፉ፣ ማታም ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በማግሥቱ ደግሞ ተመልሳችሁ ስሙ።

ቸር ያገናኘን።