ድምፁን አወቅን፤ ሠሪውንስ?

አንድ ዘፈን በሬዲዮ ይለቀቃል። ሲያልቅ አቅራቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «የእገሌ ዘፈን ነበር» ይለናል። እኛም አሜን ብለን እንቀበላለን። ለመሆኑ ግጥሙን የጻፈው ማን ነው? ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው፣ ያንን ልብ የሚሰርቅ ጊታር የመታውስ? ጠያቂ ስለሌለ መላሽም የለም። ብዙዎች ይህን መርሳት ይሉታል። እኔ ግን መካድ ነው እላለሁ።

እስቲ ኤልያስ መልካን እናንሳ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በየባንዱ ጊታር ተጫውቶ፣ ኋላም ወደ ድርሰትና ቅንብር የገባ ሰው ነበር። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» በ1993 ዓ.ም. ያገኘነው በእርሱ ቅንብር ነው። ዘሪቱ ከበደን፣ እዮብ መኮንንን፣ ሚካያ በኃይሉን ከሕዝብ ጋር ባስተዋወቁት አልበሞች ውስጥ የእርሱ እጅ አለ። እነዚህን ሁሉ ዘፈኖች በቃላችን የምንወጣ ሰዎች፣ የኤልያስን ስም አጥብቀን የጠራነው መቼ ነው? መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ካረፈ በኋላ! ለሞተ ሰው ሙሾ ማውረድ እናውቅበታለን። በቁሙ «ይህ የአንተ ሥራ ነው» ማለት ግን አፋችን ላይ ይከብዳል።

ይህ የእኛ ልማድ እንጂ የሙዚቃ ሕግ አይደለም። ኮንጎዎችን እንይ። ጊታሪስቱና የዘፈን ደራሲው ፍራንኮ ሉዋምቦ እ.ኤ.አ. በ1956 ኦ.ኬ. ጃዝ የተሰኘውን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ባለፉት ዓመታት ስንትና ስንት ዘፋኝ ከባንዱ ገባ፣ ወጣ! የባንዱ ስም ግን ከጊታሪስቱ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍራንኮ ሲሞት የዛየር መንግሥት የአራት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። እርግጥ ነው፣ ፍራንኮ ራሱም ይዘፍን ነበር። ነገር ግን ዘመዶቹ ኮንጎዎች በመጀመሪያ ያከበሩት ጣቶቹንና የድርሰት ችሎታውን ነበር።

«ኮንጎ ሌላ፣ እኛ ሌላ» የሚል አይጠፋም። ደግ፤ እንግዲያውስ ኪንሻሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ይበቃናል። የድጓ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ዓመታት በየጉባኤ ቤቱ ከተንከራተተ በኋላ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። እዚያ ደግሞ «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ተማሪው የመምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩም የመምህሩን። ዜማው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማውን ምልክት የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም ይኸው ከ450 ዓመት በኋላ በስማቸው ይታወሳሉ። ድምፀ መረዋው መሪጌታ ማሕሌቱን ሲመራ ምእመኑ በአድናቆት ያዳምጠዋል፤ ድጓው የእርሱ ድርሰት ነው የሚል ሞኝ ግን በአጥቢያው አይገኝም።

ዘፈንን ከማሕሌት ጋር አወዳደርክ ብሎ የሚቆጣኝ ካለ አይድከም። የማወዳድረው ቅድስናን አይደለም፣ ባለቤትን የማወቅ ጨዋነትን ነው። ይህን ጨዋነት የአገራችን የዜማ ትምህርት ለዘመናት ጠብቆታል። የካሴቱ፣ የሲዲውና የኢንተርኔቱ ዘመን ነው የጣለው።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ገንዘቡን ተቀብሏል፣ አበቃ» የሚለው ነው። ለአንድ ሌሊት ሠርግ የተከራየ ወንበር ይመስል! ቤት የሠራ ግንበኛ ቤቱን ያስረክባል፤ ዘፈን ግን በተሸጠ፣ በተሰማ፣ በማስታወቂያ በገባ ቁጥር አዲስ ገንዘብ ያመጣል። ያ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቶታል፤ የኢኮኖሚ መብቱንም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። በዚህ ስሌት የኤልያስ ድርሰቶች እስከ 2062 ዓ.ም. ገደማ ባለቤት አላቸው ማለት ነው። ችግሩ አዋጁ በመደርደሪያ፣ ዘፈኑ በአደባባይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው «ሕዝቡ የሚወደው ድምፁን ነው» ይላል። ይውደድ! ዘፋኝን ማንኳሰስ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ሕዝቡ ያልተነገረውን ሰው እንዴት አድርጎ ይውደድ? በክብር ዘበኛ ዘመን የኮሎኔል ሣህሌ ደጋጎን ዜማዎች በጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ያደመጠ ስንቱ ነው? ከእነዚያ ውስጥ የሣህሌን ስም የሚያውቀውስ? ደብቀን ስናበቃ «አይታወቅም» ማለት የራስን ጥፋት በአድማጭ ማላከክ ነው።

ኤልያስ ይህን ሁሉ ተቀምጦ ሲያማርር አልኖረም። በ2011 ዓ.ም. ከጆኒ ራጋና ከኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ ዘፈን በሞባይል ስልክ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበትን «አውታር» ከፈተ። ባለሙያው ከላቡ እንዲበላ ነበር ምኞቱ። ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልኖረም።

አሁን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሬዲዮ አቅራቢው ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ይናገር፤ ግፋ ቢል አሥር ሰከንድ ነው። ዘፈን በኢንተርኔት የሚጭነው ነጋዴ ከሥሩ ስማቸውን ይጻፍ። ዘፋኙም መድረክ ላይ ቆሞ ሲጨበጨብለት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጊታሪስቱን ያሳይ። አድማጩስ? የቤተ ልሔም መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቀው «ከማን አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የማይሰጥ ጣቢያ ካለ ደግሞ ሌላ ጣቢያ ይቀይር።