ናይሮቢ፦ የአንድ ተማሪ የመጀመሪያ ድረ ገጽ ስንት ያወጣል?

ግንቦት 22/2017 ዓ.ም. አርብ ዕለት፣ የኬንያ ፖሊስ ሮዝ ንጄሪ የተባለችን የሶፍትዌር ባለሙያ ናይሮቢ ከሚገኘው ቤቷ ይዞ ሄደ። ለእስር ያበቃት አንድ ድረ ገጽ መሥራቷ ነው። ገጹ በዓመቱ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ውስጥ ያሉ አከራካሪ አንቀጾችን ለሕዝብ ያስረዳል፤ ያነበበውን ያልወደደ ዜጋ ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲጫን የተቃውሞ መልዕክቱ ወደ አገሪቱ ምክር ቤት በኢሜይል ይላክለታል። በመካከሉ የማዳራካ በዓል ዕረፍት በመግባቱ፣ ንጄሪ ፍርድ ቤት የቀረበችው በአራተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። የተመሠረተባት ክስ በአውሮፓውያኑ 2018 የወጣውን የኮምፒውተርና የሳይበር ወንጀሎች ሕግ የሚጠቅስ ሲሆን፣ ገጹ የምክር ቤቱን የፋይናንስ ኮሚቴ የኢሜይል ሥርዓት አውኳል የሚል ነበር።

የፖለቲካውን ክርክር ለጊዜው እናቆየውና ገጹን እንደ ሥራ እንመልከተው። የድረ ገጽ ግንባታ መማር የጀመረ ሰው፣ ናይሮቢም ይሁን አዲስ አበባ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ስለ ራሱ የሚናገር ገጽ ነው። በኤችቲኤምኤል ርዕሱንና አንቀጹን ይለያል፤ በሲኤስኤስ ቀለሙንና አቀማመጡን ያስተካክላል፤ በጃቫስክሪፕት ደግሞ ጎብኚው ሲነካው የሚሆነውን ይወስናል። ስሙን፣ ፎቶግራፉን፣ የሠራቸውን ሁለት ሦስት ልምምዶች ይደረድራል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ “ያግኙኝ” የምትል ቁልፍ ያኖራል። ቁልፏ ስትነካ የጎብኚውን ኢሜይል ትከፍታለች፤ የተቀባዩ አድራሻና የመልዕክቱ ርዕስ አስቀድመው ተሞልተው ይጠብቁታል። ይህን ለማድረግ አንድ መስመር ኮድ በቂ ነው።

የንጄሪ ገጽ ሐሳብ በመሠረቱ ከዚህች ቁልፍ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ቁልፏ ወደ ማን እንደዞረች ነው። የተማሪው ቁልፍ ቀጣሪ እንዲያገኘው ይጠራል፤ የእርሷ ደግሞ ዜጋው የምክር ቤት አባላትን እንዲያገኝ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ በናይሮቢ ኮድ መማር ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ፣ ለዓመታት ሲጠየቅ ከኖረበት የሥራ ቅጥር አጥር ወጥቶ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል።

የቅጥሩ ተስፋ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኬንያ እስከ 2009 ድረስ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በዋናነት በሳተላይት ነበር፤ በዚያ ዓመት የባሕር ሥር ኬብሎች ሞምባሳ ሲደርሱ ኢንተርኔት ፈጠነ፣ ዋጋውም ወረደ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ጀምሮ ገንዘብን በስልክ ማዘዋወር የዕለት ተዕለት ነገር አድርጎት ነበር። በ2008 መጀመሪያ ከምርጫ በኋላ አገሪቱ በብጥብጥ ስትታመስ፣ ጥቂት ባለሙያዎችና ጦማርያን በቀናት ውስጥ ኡሻሂዲ የተሰኘ ድረ ገጽ አቆሙ። ስሙ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው፤ ሰዎች ከያሉበት የሚልኩትን የጥቃት ወሬ በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። የናይሮቢ የቴክኖሎጂ ታሪክ ሲተረክ ኤምፔሳ ሁልጊዜ ይቀድማል። ለኮድ ተማሪ ግን ኡሻሂዲ የሚቀርብ ምሳሌ ይመስለኛል፤ ያንን የሠራው ትልቅ ኩባንያ አልነበረም።

በ2010 በንጎንግ ጎዳና አይሃብ የተባለው የባለሙያዎች መሰባሰቢያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ወጣት ሴቶችን የሚያሠለጥነው አኪራቺክስ ተመሠረተ። ሞሪንጋ ስኩል በ2014 ተከተለ፤ በጥቂት ወራት ጥብቅ ሥልጠና ሰውን ለሥራ ማብቃት ይቻላል የሚለው ሐሳብ በከተማዋ ሥር ሰደደ። በሌጎስ የተወለደው አንዴላ ደግሞ በ2015 ናይሮቢ ገባ። የአንዴላ ስምምነት ለሰሚው ማራኪ ነበር፦ ችሎታ ያለውን ወጣት መርጦ፣ እየከፈለ አሠልጥኖ፣ ለአሜሪካ ኩባንያዎች ከርቀት እንዲሠራ ማድረግ። በ2016 ማርክ ዙከርበርግ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ አይሃብን ሲጎበኝ፣ ኮድ መማር ድህነትን የሚሻገሩበት ድልድይ ነው የሚለው አነጋገር ከሁሉም አፍ ይሰማ ነበር።

በ2019 ግን ያው አንዴላ በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ 400 ገደማ ጀማሪ ባለሙያዎችን የሚነካ ቅነሳ አደረገ። ምክንያቱን ሲያስረዳ ገበያው የሚፈልገው ልምድ ያካበቱትን እንደሆነ፣ ለጀማሪዎች በቂ ሥራ ማግኘት እንዳልቻለ ገለጸ። ይህ እንደ አንድ ኩባንያ ዜና ሊታለፍ የሚችል አይደለም። ለአራት ዓመታት ያህል ለወጣቶች ሲነገር የኖረው የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም ተምሮ የጨረሰ ግን ገና ያልሠራ ሰው የሚቆምበት ቦታ፣ ጠባብ መሆኑን እርከኑን የሠራው ራሱ መሰከረ። በዚያው መስከረም ወር አይሃብም ለናይጄሪያው ኮ ክሪኤሽን ሃብ ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ጉዳዩን አወሳስቦታል። ቀለል ያለ የግል ገጽ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ በትዕዛዝ ይሠራል፤ ቀጣሪው የጀማሪውን ገጽ አይቶ የሠራው እርሱ ይሁን ማሽኑ በቀላሉ አይለይም። በአንጻሩ ይኸው ቴክኖሎጂ ለናይሮቢ የሰጠው ሥራ ምን ዓይነት እንደነበር የታይም መጽሔት ዘገባ በጥር 2023 አሳይቷል። ሳማ በተባለው ድርጅት የተቀጠሩ ኬንያውያን ለቻትጂፒቲ ግብዓት የሚሆኑ ዘግናኝ ጽሑፎችን እያነበቡ ሲለዩ በሰዓት እጃቸው የሚገባው ከሁለት ዶላር ያልበለጠ ነበር። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ለተነገረው ትውልድ ከቀረቡለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

የኬንያ መንግሥት በበኩሉ ትምህርቱን ማስፋፋቱን አላቆመም። በ2022 የአገሪቱ የሥርዓተ ትምህርት ተቋም ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆን የኮዲንግ መማሪያ አጽድቋል። አጂራ የተባለው መርሐ ግብርም ከ2016 ጀምሮ ወጣቶችን ለኢንተርኔት ሥራ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ሁሉም በአንድ ዓላማ የታሰሩ ናቸው፤ ሥራ።

ነገር ግን አንድ ትውልድ ድረ ገጽ መሥራት ሲማር የሚማረው ለቀጣሪ የሚሆነውን ብቻ አይደለም። ይህ በ2024 ሰኔ ወር በግልጽ ታየ። የዚያን ዓመት የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ በመቃወም ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ፣ ኮድ የሚችሉት ደግሞ ረቂቁን ለሚጠይቃቸው ሰው በቀላል ቋንቋ የሚያብራሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን አቀረቡ። የምክር ቤት አባላት ስልክ ቁጥሮች ከእጅ ወደ እጅ ተዳረሱ። ለቆሰሉ ሰዎች በኤምፔሳ መዋጮ ተሰበሰበ። ሰኔ 18/2016 ዓ.ም. ሰልፈኞች ምክር ቤቱ ቅጥር ሲገቡ ፖሊስ ተኮሰ፤ በዚያው ቀን የኢንተርኔት አገልግሎት ተስተጓጎለ፤ በማግስቱ ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሰሞን ተቃውሞዎች ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል።

ንጄሪ በዓመቱ የሠራችው ገጽ የዚህ ተከታይ ነው፤ ግን ከሁሉም የሰከነ መንገድ የመረጠ ነበር። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 118 ምክር ቤቱ በሕግ ማውጣት ሥራው ሕዝብ እንዲሳተፍ ማመቻቸት እንዳለበት ይደነግጋል። ምክር ቤቱም በየዓመቱ ረቂቁን አውጥቶ አስተያየት እንዲላክለት ይጠይቃል። ገጹ ያደረገው መላኩን ማቅለል ነው። እዚህ ላይ የዐቃቤ ሕግን ሐሳብ በጎ ጎኑን ወስዶ መመርመርም ተገቢ ነው፦ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ተመሳሳይ ኢሜይል በአንድ ጊዜ ከደረሰ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሊስተጓጎል ይችላል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ደብዳቤ እንዲላክለት የጠየቀ አካል ደብዳቤው በዛብኝ ብሎ ፖስታ ቤቱን የሠራውን ሰው ሊከስ ይችላልን? አንድን አገልግሎት ለመጣል ታስቦ በማሽን የሚፈበረክ የሐሰት ትራፊክ አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ስም የሚልከው መልዕክት ሌላ ነው። የሳይበር ወንጀል ሕግ እነዚህን ሁለቱን ካልለየ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ልምምድ ነገ የክስ መዝገብ ይሆናል።

ሰኔ 13/2017 ዓ.ም. የናይሮቢው ፍርድ ቤት የክሱ ዝርዝር ወንጀል መፈጸሙን አያሳይም ብሎ መዝገቡን ውድቅ አደረገው። ንጄሪ ነጻ ሆነች። በእርሷ እስርና በውሳኔው መካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት ግን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ አንድ ከፍተኛ የፖሊስ ባለሥልጣን በተጻፈ ጽሑፍ የተያዘው መምህርና ጦማሪ አልበርት ኦጅዋንግ በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ሕይወቱ አልፏል። ፍርድ ቤቱ ለአንዱ በጊዜው ደርሷል፤ ለሌላው አልደረሰም።

ሕጉም በቦታው አልቆመም። ጥቅምት 5/2018 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ሩቶ የሳይበር ወንጀሎች ሕጉን የሚያሻሽል አዋጅ ፈረሙ። ማሻሻያው ሕገ ወጥ ይዘት አላቸው የሚባሉ ድረ ገጾች እንዲዘጉ ለማዘዝ የሚያስችል ሥልጣን ለአንድ የመንግሥት ኮሚቴ ይሰጣል። በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከአዋጁ የተወሰኑ ድንጋጌዎች እንዳይተገበሩ አግዷል።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ሐምሌ 16/2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀምራለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ሰው የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ትንተና፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት ተከታትሎ የምስክር ወረቀት እንዲወስድ ታስቧል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም፤ የናይሮቢ ተሞክሮ የሚጠቁመው ግን የምስክር ወረቀት ቁጥር ብዙ እንደማይናገር ነው። ተመራቂው በራሱ ስም የቆመ፣ ሌላ ሰው ሊጎበኘው የሚችል ገጽ አለውን? ካለው ደግሞ ከውጭ ደንበኛ ክፍያ እንዴት ይቀበላል? ኬንያዊው ተማሪ ከ2018 ጀምሮ የፔይፓል ሒሳቡን ከኤምፔሳ ጋር አገናኝቶ ገንዘቡን በስልኩ ያወጣል። ኢትዮጵያዊው ኤምፔሳ ወደ አገሩ ከገባ በኋላም ይህ መንገድ አልተከፈተለትም፤ ለገጹ የውጭ የዶሜይን ስም ልግዛ ቢል እንኳ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ብዙዎች በነጻ በሚገኘው የጊትሃብ አድራሻ የሚቆዩት ለዚህ ነው።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ኬንያዊ ተማሪ በእንግሊዝኛ ተምሮ ያደገ ስለሆነ የኮዱ ትዕዛዞች አዲስ ቋንቋ አይሆኑበትም፤ የሚያነቡትም ጎረቤቶቹ ገጹን በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ፣ በዚያው በላቲን ፊደል ያነባሉ። በአማርኛ ገጽ መሥራት የፈለገ ተማሪ ግን፣ ናይሮቢ ኢስትሊ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱም ቢሆን፣ ፊደሉ በሁሉም ስልክ ላይ በትክክል እንዲታይ ማሰብ አለበት። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተተ ችግሩ ከሞላ ጎደል ተፈቷል፤ ገጹ ላይ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8፣ ቋንቋውም አማርኛ መሆኑን መግለጽ ብቻ ይበቃል። እነዚህን ሁለት መስመሮች የሚያስረዳ የአማርኛ መማሪያ ፈልጎ ማግኘት ግን ኮዱን ከመጻፍ ይከብዳል። የፋይናንስ ሕግን በራሱ ቋንቋ ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት የሚሻ ወጣት መጀመሪያ የሚገጥመው ይህ ትንሽ መሰናክል ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነው። ኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አላት፤ ቁጥር 958/2008። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ቁጥር 1185/2012 ከአራት ዓመት በኋላ ተከትሎታል። ኮድ የሚማረው ተማሪ “ያግኙኝ” የምትለውን ቁልፍ ሲሠራ ስለ ሁለቱም አዋጆች ከአስተማሪው መስማት ነበረበት። ከላይ ከተጠቀሱት የመርሐ ግብሩ የትምህርት ዘርፎች መካከል ግን አንዱም የሕግ ትምህርት አይደለም።