ዳዊት ለሳኦል አልቅሷል

ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር አለቀሰ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበረ። ዛሬም ስሙ ሲነሣ ከመካከላችን «ለዘፋኝ ክብር አይገባም» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ በ1985 አንገቱ ላይ የደረሰውን ቁስልና የኑሮውን መከራ ሸፍኖ ጻድቅ ያደርገዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያሳደደውን ሳኦልን ዳዊት በሙሾ አከበረው (2ኛ ሳሙ. 1)፤ መጽሐፉ ግን የሳኦልን በደል አልፋቀም። ማክበር ማጽደቅ አይደለም፤ ፍርድ የጌታ ነው።

ጎንደራችን በሠርግ አዝማሪ ጠርታ ስታበቃ፣ በማግስቱ «አዝማሪ» የሚለውን ስም ስድብ ታደርገዋለች። ወጣቶች ሆይ፣ እኛ ይህን አንድገም። በቁሙ ባልጸለይንለት ሰው ላይ፣ ከሞተ በኋላ ለመፍረድ ምን አፍ አለን?