ከአስከሬን መላኪያው በፊት፦ ጥሪ ለጉምቦ ኢትዮጵያውያን

እዚህ ጁባ፣ ጉምቦ ላይ የሀገር ልጅ ሲሞት ምን እንደምናደርግ ጠንቅቀን እናውቃለን። ስልክ ይዞራል፣ ገንዘቡ ሳይመሽ ይሞላል፣ አንዱ ኤምባሲ ይሮጣል፣ ሌላው የአውሮፕላኑን ጉዳይ ይጨርሳል፣ ሴቶቹ ቡና አፍልተው ለቀስተኛውን ያስተናግዳሉ። የቦቴ ሾፌሩም፣ የምግብ ቤት አስተናጋጇም፣ የጎሚስታው ልጅም የአቅሙን ይጥላል። በዚህ ማንም አይወቅሰንም። ያው ሰው በሕይወት እያለ አእምሮው ሲታወክ ግን እንበታተናለን። «አብዷል» ብለን ከግቢው እንርቃለን፤ ወይም አንድ የቅርብ ጓደኛውን ብቻ አጋፍጠን ለቲኬት ማዋጣት እንጀምራለን።

ይህን የምጽፈው ዕድራችንም ኮሚዩኒቲያችንም ለቆመ ሰው እንዲደርሱ ለመጠየቅ ነው።

ነገሩ ሲጀምር ብዙም አያስታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቦቴውን ውሃ ለመሙላት የሚወጣ ልጅ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያድራል። ስልኩን አጥፍቶ በፌስታል ይጠቀልልና ከፍራሹ ሥር ይደብቃል፤ «ይሰሙኛል» ይላል። እንጀራው ሲቀርብ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲቀምስለት ይጠብቃል። ግቢው ደግሞ «ጫቱ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ጫትና መጠጥ እንዲህ ያለውን ሕመም እንደሚያባብሱ እውነት ነው። ሆኖም «ጫቱ ነው» ተብሎ ወራት ያለፈበት ሰው ሕክምና ሲጀምር ለማገገም ይበልጥ ይቸገራል።

ጁባ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ትኩሳት አለው ወይ?» ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የተለወጠ፣ የሚቃዥ፣ ቀኑና ቦታው የጠፋበት ሰው የአንጎል ወባ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ እስኪነጋ የሚቆይ ነገር አይደለም። በሳምንታት ቀስ እያለ የመጣ፣ ያለ ትኩሳት ድምፅ የሚያሰማና ሰውን ሁሉ የሚያስጠረጥር ሕመም ሲሆን ሐኪሞች ሳይኮሲስ ይሉታል፤ መድኃኒት አለው።

መድኃኒቱ ጋ መድረስ ነው ችግሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመላው ደቡብ ሱዳን ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ደግሞ 12 አልጋ ነበረው። አልጋ ያጣው ሕመምተኛ መድረሻው የጁባ ማዕከላዊ እስር ቤት ነበር፤ በዚያ ከተገኙት የአእምሮ ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት ምንም ወንጀል አልሠሩም። ቁጥሩ የዚያን ጊዜ ነው። ከጉምቦ ለምንሄደው ግን ሆስፒታሉ ዛሬም ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የፍሪደም ድልድይ መንገዱን አቅልሎታል፤ በሌሊት የተረበሸ ሰው ይዞ በቦዳ ሞተርሳይክል መሻገር ግን አይታሰብም። መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

«ሐኪም ከሌለ ምን ይደረጋል?» ለሚል መልሱ ከሀገራችን ገጠር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋገሩ። ካገኟቸው የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። እነዚህን ሰዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው ከጎረቤቶቻቸው እጅግ ቀድመው ይሞቱ ነበር። ብዙውን ጊዜ የገደላቸውም ሌላ ሰው በጊዜው ቢታከም የሚድንበት ተላላፊ በሽታ ነው። «የዕብድ ወሬ» ተብሎ ሳሉንና ትኩሳቱን የሚሰማለት ጠፍቶ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው ሕሙማኑን እዚያው እንዲከታተሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት ክትትላቸው በአእምሮ ነርስ ከሚመራው የሆስፒታል አገልግሎት እንደማያንስ አሳየ። እንግዲህ ጁባ ውስጥ በክሊኒክ የምትሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ ይህ እናንተን የሚመለከት ነው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሠራችሁም ብትኖሩ፣ ለኮሚዩኒቲው ስማችሁን ስጡ።

የቀረው ሥራ የጎረቤት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ሕመምተኛውን አትሰሩት። ሦስት ሰው በፈረቃ አብሮት ይደር፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሌሊት ካደረ ሦስተኛው ላይ ራሱ ይታመማል ወይም ይጠፋል። ቢላውን፣ ገመዱንና የመኪናውን ቁልፍ አርቁ። ፓስፖርቱን የሚታመን ሰው ይያዝለት። «ማንም አይሰማህም፣ ዝም በል» ብላችሁ አትከራከሩት፤ አዎም አትበሉት። ውሃ ጠጥቷል? በልቷል? የሚለውን ተከታተሉ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ።

ክኒኑ የሚቋረጥበትን ምክንያት ደግሞ እወቁት። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወደ አንድ ጎን ሊጠመዘዝ፣ መንጋጋው ሊቆለፍ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ያየ ሁሉ «መድኃኒቱ ገደለው» ወይም «ያው ነገሩ ለቀቀበት» ይላል፤ ክኒኑም ይጣላል። ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ወደ ክሊኒክ ቢወሰድ በመርፌ ወይም በክኒን በቶሎ ይፈታል።

እንዲህ ሸክም መከፋፈሉ በኤክስሬይ ክፍልም ይሠራል። የተረበሸ ወጣት ወይም ግራ የተጋባ አዛውንት ጭንቅላታቸው በሲቲ ስካን ሲነሳ ዝም ብለው አይተኙም፤ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በየጊዜው የኤክስሬይ ባለሙያው ከሆነ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀመውን ጨረር የሚሸከመው እሱ ነው። የዓለም አቀፉ ገደብ ለሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሕመምተኛውን ዘመድ ወይም ጓደኛ ይያዝ፤ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ፣ ከጨረሩ መስመር ወጣ ብሎ። ነፍሰ ጡር ግን ፈጽሞ አትግባ። ለአንድ ጊዜ የሚገባ ሰው የሚደርሰው መጠን ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም።

ባለሙያዎቹ ደግሞ የጨረር መለኪያ ባጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ከሽርጡ ሥር አድርጉ። መሳቢያ ውስጥ የዋለ ባጅ የሚለካው መሳቢያውን ነው። በሀገራችን የጨረር ጥበቃ ሕግ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥራችን ከድንበር ወዲህ ስለሆነ ብቻ ባጅ ለመጠየቅ የምናፍርበት ምክንያት የለም። አሠሪያችሁ ባጅ ካልሰጠ፣ ወይም ሰጥቶ ንባቡን ካላሳያችሁ፣ ብቻችሁን ሳይሆን አንድ ላይ ሆናችሁ ጠይቁ።

ሌላው ጉዳይ በስልክ የሚመጣ ነው። እናት ከሀገር ቤት አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ትደጋግማለች፣ የተላከላትን ብር የት እንዳስቀመጠች ይጠፋታል፣ እኛም «ጃጅታለች» እንላለን። ዕድሜ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ የመርሳት በሽታ የሚባል ሕመም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ይዞ ነበር። ለውጡ የመጣው በድንገት ከሆነ ግን የሽንት ኢንፌክሽን፣ በመውደቅ የመጣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይመርመሩ። ሌሊት ስለሚረብሹ ብላችሁ ሃሎፔሪዶል ከፋርማሲ ገዝታችሁ ለሰው አታስይዙ፤ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የዚህ ዓይነት መድኃኒት የስትሮክንና የሞትን አደጋ ይጨምራል። ከምትልኩት ገንዘብ ላይ ለምታስታምማት እህት የምታርፍበት አንድ ቀን የሚሆን ጨምሩ። በስልክ «እንዴት ነሽ?» ብላችሁ የምትጠይቁት እናትን ብቻ ነውና።

ወደ ሀገር መመለስ ግድ ከሆነም ሰውየውን ብቻውን አትላኩት። ከጁባ አዲስ አበባ በረራው አጭር ነው፤ አስቸጋሪው ቦሌ ሲደርስ የሚቀበለው ማጣቱ ነው። አብሮት የሚሄድ ሰው፣ የአንድ ወር መድኃኒት፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ እውነቱ የተነገረው ቤተሰብ ይኑር። «ወባ ይዞት ነው» ብሎ መላክ ሐኪሙንም ያሳስታል።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ከመዋጮው በኋላ ጉዳዩ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ለሕክምና የሚሆን ድርሻ ከአስከሬን መላኪያው ሒሳብ ይለይ። በፈረቃ የሚያድሩ ወንዶችና ሴቶች ይመዝገቡ፤ ሴት ታማ ወንዶች ብቻ እንዳይጠብቋት። ባሪና አረብኛ ተናጋሪ የሆኑ የጉምቦ ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ፤ የእነሱም ልጆች በዚያው አልጋ እጦት ነው እስር ቤት ያደሩት። መኪና ያለውም የሌሊት ስልኩን በግልጽ ያስመዝግብ።