ፋሲካ፣ ዶሮና የኢኮኖሚክስ ፈተናችን

በአንድ የኢኮኖሚክስ መምህር

የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ተራ የቆመ ሰው ሁለት ነገር ያያል። የዶሮ ዋጋ ከወትሮው በላይ ወጥቷል፤ የሚሸጠው ዶሮም ከወትሮው በዝቷል። ይህንኑ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ በፈተና ወረቀት ላይ አሰፈርኩና ጠየቅኳቸው፦ «ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው መጠን ይቀንሳል የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም? ለምን?» አብዛኞቹ ፈርሷል አሉ። ከእነዚሁ ተማሪዎች ብዙዎቹ በዚያው ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሕጉን ትርጓሜ ከአራት አማራጮች መካከል በትክክል መርጠዋል።

ወረቀቱን አርሜ ስጨርስ ያዘንኩት በተማሪዎቹ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ስፈትናቸው የኖርኩት ትርጓሜውን ነው፤ እነሱም አጥንተው የመጡት ትርጓሜውን ነው።

ሕጉ አልፈረሰም። ሕጉ የሚናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ሲቆይ ስለሚሆነው ነው። በፋሲካ ግን ሌላው ባለበት አይቆይም፤ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ ያምረዋል። በየትኛውም ዋጋ ለመግዛት የተዘጋጀው ሰው ስለበዛ በሥዕሉ ላይ የፍላጎት መስመሩ ራሱ ወደ ቀኝ ሄዷል። አርቢውና ነጋዴው ይህን አውቆ ለዚያ ቀን ያቆየውን ዶሮ ይዞ ይወጣል፤ ዋጋውም ብዛቱም አብረው ያድጋሉ። ሕጉን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ እዚያው ገበያ ውስጥ ዋጋ ጠይቃ፣ ዶሮውን በእጇ መዝና፣ መልሳ አስቀምጣ፣ «ዘንድሮስ ቅርጫው ይበቃናል» ብላ የሄደችውን እናት ይመልከት። የመስመሩ መንቀሳቀስና በመስመሩ ላይ መንቀሳቀስ የምንላቸው ሁለት ነገሮች በአንድ የዶሮ ተራ ጎን ለጎን ቆመዋል። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ አይተዋል። ያዩት ነገርና የተማሩት ነገር አንድ መሆኑን የነገራቸው ግን የለም።

አንዱ ችግር ቋንቋ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የሚማሩትም የሚፈተኑትም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲያስቡት ደግሞ «ፍላጎት» የሚለው ቃል ያሳስታቸዋል። በእኛ አፍ ፍላጎት ማለት መሻት ነው፤ ገንዘብ የሌለውም ሰው ፍላጎት አለው። በኢኮኖሚክስ ግን ፍላጎት የሚባለው መክፈል ከሚችልና ለመክፈል ከቆረጠ ገዢ የሚመጣው ብቻ ነው። አንድ ተማሪ በጾም ወቅት «የሥጋ ፍላጎት አልቀነሰም፤ ሰው ሁሉ ሥጋ እያማረው ነው የሚጾመው» ብሎ ጻፈልኝ። እንደ አማርኛ ትክክል ነው፤ እንደ ትምህርቱ ስሕተት ነው። ስሕተቱን ያየሁት በራሱ ቃል እንዲጽፍ ስለጠየቅኩት ነው። ፊደል እንዲያከብብ ብቻ ብጠይቀው ኖሮ ምን እንደሚያስብ ሳላውቅ ነጥብ ሰጥቼው አልፍ ነበር።

አገራችን ስለ ፈተና ብዙ የምትነጋገርበት ጊዜ ላይ ነን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ዙር ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ኢኮኖሚክስ ከማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ያልፍ ዘንድ ግድ ሆኗል። የፈተና ስርቆት መቀነሱን እደግፋለሁ፤ ሳይማሩ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ በሚለው ላይ ቀርቷል። ተማሪዎቹ ምን ተጠየቁ? የሚለውን የሚያነሳ ሰው አላገኘሁም። ያለፈው ልጅ የሚያውቀው ምንድን ነው? የወደቀውስ ያላወቀው ምንድን ነው? ጥያቄው ቃል በቃል የሚሸመደድ ከሆነ ጥበቃው ምንም ያህል ቢጠብቅ የምናገኘው በታማኝነት የተሸመደደ ነገር ነው። የአሮጌ ጥያቄዎች ፋይል በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውም ለዚህ ነው። ሸምድዶ መልስ ማግኘት እስከተቻለ ድረስ ተማሪው የሚያደርገው አእምሮ ያለው ሰው የሚያደርገውን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። ጆርጅ ስቲግለር፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ከባድ ግምት ሰንዝሮ ነበር። የመግቢያ ኢኮኖሚክስ የተማሩትንና ጭራሽ ያልተማሩትን ተመራቂዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ብንፈትናቸው ልዩነት አናይም አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ አሜሪካኖቹ የኮሌጅ ኢኮኖሚክስ ግንዛቤን የሚለካ ወጥ ፈተና አዘጋጁ፤ እያሻሻሉትም እ.ኤ.አ. በ2007 አራተኛ እትሙ ላይ ደረሱ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በመምህራን ላይ የተደረገው ፈተና ነው። ፖል ፌራሮና ላውራ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የኢኮኖሚስቶች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለ199 ሰዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። የኤሪክ ክላፕተን ኮንሰርት ትኬት በነጻ ደርሶሃል፤ መልሰህ ልትሸጠው አትችልም። በዚያው ምሽት ቦብ ዲላን ይዘፍናል፤ ከክላፕተን ቀጥሎ የምትመርጠው እሱን ነው። የዲላን ትኬት 40 ዶላር ነው፤ አንተ ግን እሱን ለማየት እስከ 50 ዶላር ትከፍላለህ። ክላፕተንን ለማየት ስትሄድ የምትተወው አማራጭ ዋጋ ስንት ነው? አማራጮቹ ዜሮ፣ 10፣ 40 እና 50 ነበሩ። መልሱ 10 ነው፤ 50 የሚያወጣ ደስታ ቀርቶብሃል፣ 40 ደግሞ ከኪስህ ሳይወጣ ቀርቷል። በትክክል የመለሱት 21.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰው እንኳ 25 በመቶ ያህል ይመታል። የጥያቄው አነጋገር አሻሚ ነው ብለው በኋላ የተከራከሩ ምሁራን አሉ፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ቁም ነገር አለው። ቢሆንም የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለውንና ኦፖርቹኒቲ ኮስት የምንለውን ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች በቀላል የኑሮ ጥያቄ ላይ መለያየታቸው ያሳስበኛል። ስሙን ማወቅና ነገሩ በሌላ ልብስ ሲመጣ ለይቶ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው።

የኦፖርቹኒቲ ኮስት ሐሳብ በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ2016 ዓ.ም. ክረምት አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100 ብርን አለፈ። ያለ በቂ ምክንያት ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች የታሸጉትም በዚያው ሰሞን ነው። በየታክሲው የሚሰማው ክርክር አንድ ነበር፦ «ዘይቱ ዱሮ በገባበት ዋጋ ነው ያለው፤ ለምን ይጨምራል?»

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ እንዲህ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አንድ ነጋዴ በ800 ብር የገዛው ጀሪካን ዘይት በመጋዘኑ አለ። ዛሬ ያንኑ ዘይት ለመተካት 1,100 ብር ያስፈልገዋል። ዛሬ አንዱን ጀሪካን ሲሸጥ ወጪው ስንት ነው? አማራጮቹን የጻፍኩት ሰዎች በእርግጥ ከሚያስቡት ተነስቼ ነው። 800 የሚለው ደረሰኙን የሚያይ ሰው መልስ ነው። ዜሮ የሚለው «ገንዘቡ ድሮ ወጥቷል፤ አልቋል» የሚል ሰው መልስ ነው። 300 የሚለው ልዩነቱን ብቻ ቆጥሮ ለሚያቆም ነው። ነጋዴው በሥራው የሚቀጥል ከሆነ ትክክለኛው 1,100 ነው፤ ጀሪካኑን በ800 ሸጦ ሌላ ጀሪካን ወደ መጋዘኑ መመለስ አይችልምና። ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ ይህ መልስ ጭማሪው ፍትሐዊ መሆኑን ያረጋግጣል? አያረጋግጥም። ደሞዙ ያልጨመረለት ገዢ ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ተጠባብቀው አብረው የሚያስወድዱ ነጋዴዎችም ይኖራሉ። ወጪ ምን እንደሆነ ማወቅና ሸክሙን ማን ይሸከም ብሎ መፍረድ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱን መለየት የቻለ ተማሪ፣ በኋላ የንግድ ቢሮ ሠራተኛ ቢሆን፣ ጋዜጠኛ ቢሆን፣ ሱቅ ቢከፍት፣ ለአገሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የቤት ኪራዩም ተመሳሳይ ነው። ተማሪዎቻችን ዋጋ በሕግ ከገበያው በታች ሲደረግ እጥረት ይፈጠራል ብለው መልሰው ነጥባቸውን ይወስዳሉ። የአገራችን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን በዋናነት ጭማሪውን የሚገድብና ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የሚያደርግ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ጋር አንድ አይደለም። እኔ መስማት የምፈልገው ሥዕሉ እዚህ ላይ የሚገጥመውና የማይገጥመው የቱ እንደሆነ፣ ዛሬ በቤቱ ያለው ተከራይና ነገ ቤት የሚፈልገው ተከራይ በአንድ ዓይን የማይታዩት ለምን እንደሆነ የሚነግረኝን ተማሪ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሱትን አውቃለሁ። በአንድ ሴሚስተር ሦስትና አራት ክፍል ለሚያስተምር ሰው የሁሉንም ጽሑፍ ማንበብ የማይሞከር ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ወረቀት ታቅፌ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልረሳም። ስለዚህ ምርጫ ጥያቄ ይቅር አልልም። የዘይቱ ጥያቄ ራሱ ምርጫ ነው። ልዩነቱ የተሳሳቱት አማራጮች ከየት እንደመጡ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ አንድ ትክክለኛ መልስ እንጽፍና ሦስቱን ቦታ እንሞላለን፤ «ሁሉም መልስ ናቸው» ብለን እንጨርሳለን። የተሳሳተ አማራጭ የአንድ እውነተኛ ስሕተት መኖሪያ ሲሆን ግን ተማሪው ሲስትም ይነግረናል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ምን ማስተማር እንዳለብን ከወረቀቱ እናነባለን። ከዚህ በላይ በእያንዳንዱ ፈተና አንድ፣ አንድ ብቻ፣ «ለምን?» የሚል ባለ ሦስት መስመር ጥያቄ ይኑር። መልሱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም መምህሩ በሚያነበው ሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ አይቀጣ። የምንፈትነው ኢኮኖሚክስ ከሆነ ኢኮኖሚክሱን እንፈትን።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሮበርት ፍራንክ ተማሪዎቹን በዙሪያቸው ካዩት ነገር አንድ እንቆቅልሽ መርጠው ያለ ሥዕልና ያለ ቀመር በ500 ቃል ውስጥ እንዲፈቱ ያዛቸው ነበር። አንዱ ተማሪ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ብቻ በሚጠቀሙባቸው የገንዘብ ማሽኖች ላይ የዓይነ ስውራን ፊደል ለምን አለ ብሎ ጠየቀ፤ አምራቹ ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ቁልፍ መሥራቱ ስለሚረክስለት ነው ብሎ መለሰ። ይህን ልምድ ዘንድሮ ከአንድ ክፍሌ ጋር ሞከርኩት።

አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ስለ እናቴ ሥራ መጻፍ እችላለሁ?» አለችኝ። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ።

«ጥያቄሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጤፍ ሲወደድ እማዬ የእንጀራውን ዋጋ ለብዙ ጊዜ አትነካም፤ መጠኑን ነው የምትቀንሰው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አታውቅም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ አመጣች። ደንበኞች የአንዱን እንጀራ ዋጋ በቃላቸው ይይዛሉ፤ ስፋቱንና ውፍረቱን ግን በዓይናቸው ነው የሚገምቱት። እናቷ ዋጋ የጨመሩ ዕለት ሁለት ቤት ወደ ጎረቤታቸው ጋጋሪ ይሄዳሉ፤ መጠን የቀነሱ ዕለት ግን የሚሄድ የለም፤ ሆቴል ቤቱ ብቻ ያስተውላል፤ ምክንያቱም እሱ በእንጀራ ቁጥር ሳይሆን በሚያጠግበው ሰው ይቆጥራል። ስለዚህ እናቷ ለሆቴሉ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ለሰፈሩ መጠን ይቀንሳሉ። ልጅቷ ይህን ለማወቅ ሦስት ጠዋት ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ ገዢዎቹን ቆጥራለች። ገዢ ለዋጋ ለውጥ ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ የሚገልጸውን ኢላስቲሲቲ የሚለውን ቃል በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀመችም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። አንድ ባልደረባዬ ወረቀቱን አንብቦ «የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው የሚገባው?» አለኝ፤ እኔም በገዢ ባሕርይና በገበያ ዓይነቶች መካከል ገና እየተከራከርኩት ነው።