ኬላና ጋብቻ

ቤት በባልና በሚስት ስምምነት ይቆማል፤ አገርም በኬላ ይጠበቃል። ሁለቱም የተከበሩ ነገሮች ስለ ሆኑ፥ አንዱ ሌላውን ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት አገር የተገኙ ሰዎች ተጋብተው፥ አንደኛው ሻንጣውን ይዞ ከድንበር በደረሰ ጊዜ «አትገባም፥ ተመለስ» የተባለ እንደ ሆነ፥ ቤትና ኬላ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዐምድ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ነገር ይኸው ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ከድንበር የራቀች ናት። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ዲላን አልፎ ከሞያሌ ኬላ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። የድንበር ነገር ግን ከሐዋሳ ቤቶች የራቀ አይደለም። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከቻይና፥ ከህንድና ከስሪላንካ ኩባንያዎችን አምጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም የውጭ አገር መምህራንን ያስተናግዳል፤ ከወጣቶቻችንም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ አሉ። ሰው ከሰው በሚገናኝበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ጋብቻ ይከተላል። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ የምናገለግል እንደ መሆናችን መጠን፥ የጋብቻ ማስረጃቸውን በእጃቸው ይዘው «ይህ ወረቀት ኬላውን ያሳልፈናልን?» ብለው የሚጠይቁ ባለጉዳዮችን እናያለን።

መልሱ አጭር ነው፤ ወረቀቱ ብቻውን አያሳልፍም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል የማይቃረን እስከ ሆነ ድረስ በኢትዮጵያ የጸና መሆኑን ይናገራል፤ ባልና ሚስትም አብረው እንዲኖሩ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በ34ኛው አንቀጽ ቤተ ሰብ የኅብረተ ሰብ የተፈጥሮ መሠረት ስለ ሆነ ከኅብረተ ሰቡና ከመንግሥት ጥበቃ እንዲደረግለት ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ግን ከውጭ አገር የሚመጣውን ሰው የጸና የጉዞ ሰነድና ቪዛ ይጠይቀዋል። እንግዲህ አንዱ ሕግ «አብራችሁ ኑሩ» ሲል፥ ሌላው ሕግ «ያለ ፈቃድ አትግቡ» ይላል። ባልና ሚስት በሁለቱ ትእዛዛት መካከል ቆመው ይቀራሉ።

ይህን የመሰለው ነገር በሕግ ሊሻሻል እንደሚችል የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ አገር ሴት በሕግ ባገባ ጊዜ ሚስቱ ወዲያው ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ፈቅዶ ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት ግን በውጭ አገር የባዕድ አገር ሰው አግብታ የባልዋን ዜግነት ያገኘች እንደ ሆነ፥ የራስዋን ታጣ ነበር። ለወንዱ በሩን የከፈተው ሕግ ለሴቲቱ ዘግቶባት ነበር ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ይህን ልዩነት አስቀርቶ፥ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው፥ ከማመልከቻውም በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ፥ ሌሎቹንም ግዴታዎች ከፈጸመ፥ ዜግነት ለመጠየቅ እንዲችል አድርጓል። ነገር ግን ያን አንድ ዓመት በአገር ውስጥ ለመኖር አስቀድሞ መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ኬላው ነው።

ኬላ ምን ያህል ቤት ሊያፈርስ እንደሚችል ለማወቅ የኤርትራን ድንበር ማስታወስ ይበቃል። በአዲስ አበባም ሆነ በአሥመራ የተጋቡ ብዙዎች በተጋቡበት ቀን የአንድ መንግሥት ዜጎች ነበሩ፤ «የውጭ አገር ሰው አገባሁ» ያለ አልነበረም። በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኤርትራ ራስዋን የቻለች መንግሥት ሆነች። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ ጠብ ተነሥቶ ወደ ጦርነት በተለወጠ ጊዜ፥ በዚያ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ መስጠት የባዕድ ዜግነት ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ። 75,000 ያህል የሚገመቱ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ወጡ፤ ከኤርትራም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጡ። ከእነዚህ መካከል ባልዋን ወይም ሚስቱን፥ ልጆችንም ጭምር ወዲያ ማዶ ትቶ የሄደ ነበረ። ስልክ ተቈረጠ፥ አውሮፕላን ቆመ፥ ኬላውም ተዘጋ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ፥ በውሉ መሠረት የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን የሁለቱን ወገኖች አቤቱታ መረመረ። በታኅሣሥ ወር 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔም፥ በጦርነት ጊዜ አንድ መንግሥት የጠላት አገር ዜጎችን ሊያስወጣ መብት እንዳለው ተቀበለ። ነገር ግን ምክንያቱ ሊታወቅ ባልቻለ አኳኋን የአካባቢ ሹማምንት በግድ ያባረሯቸውን የሁለት አገር ዜጎች በሚመለከት ኢትዮጵያን ተጠያቂ አደረገ፤ ኤርትራም በበኩልዋ በኢትዮጵያውያን ላይ ስለ ደረሰው በደል ተጠያቂ ሆነች። አንባብያን ይህን ልብ ብለው እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ኮሚሽኑ «በሩን ለምን ዘጋችሁ?» ብቻ አላለም፤ «ምክንያታችሁ የት አለ?» ብሎም ጠየቀ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ፤ ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ አሥመራ አደረገ። በዚያ ቀን በአውሮፕላን ጣቢያው የተቃቀፉትን ቤተ ሰቦች ዓለም በሥዕል አይቷቸዋል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላንበሳና የቡሬ መንገዶች ተከፈቱ፤ ሕዝቡም ያለ ቪዛ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ነገር ግን ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተዘጉ። ያለ ወረቀት የተከፈተው በር ያለ ወረቀት ተዘጋ፤ የተዘጋበትም ምክንያት ለሕዝብ በግልጽ አልተነገረም። ሠርግ ቈርጦ የነበረ፥ ልጁን ለአያቱ ለማሳየት የላከ፥ እንደ ገና በግምት ይኖር ጀመር።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኤለን ክናውፍ የምትባል በጀርመን የተወለደች ሴት የአሜሪካ ዜጋ አግብታ ነሐሴ 8 ቀን 1940 ዓ.ም. በመርከብ ኒው ዮርክ ደረሰች። ሹማምንቱ ግን በኤሊስ ደሴት አስቀርተው፥ መግባትዋ ለአገሩ ደኅንነት አይበጅም አሉ፤ ማስረጃቸውን ለማሳየትም፥ ቃልዋን ለመስማትም እንቢ አሉ። ጥር 8 ቀን 1942 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአራት ድምፅ ለሦስት ለሹማምንቱ ፈረደ። በኋላ ግን የሕዝብ ጩኸት ስለ በዛ ነገሩ በችሎት ፊት ተሰማ፤ በተሰማም ጊዜ ማስረጃ የተባለው ከወሬ የማያልፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. እንድትገባ ተፈቀደላት። ሦስት ዓመት የፈጀው ነገር ቃልዋን በመስማት ብቻ ተፈጸመ።

ከብዙ ዘመን በኋላም በዚያው አገር ያው ጥያቄ ተነሣ። አንዲት አሜሪካዊት ከኤል ሳልቫዶር የተገኘ ባልዋ ቪዛ ተከልክሎ ስለ ቀረ መንግሥትን ከሰሰች፤ የመከልከሉ ዝርዝር ምክንያት የተገለጠላትም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት፥ አንድ ዜጋ የትዳር ጓደኛው ወደ አገር እንዲገባለት መሠረታዊ መብት የለውም ብሎ ወሰነ። በሀብትና በሕግ ከሠለጠኑት አገሮች አንዱ እንዲህ ካለ፥ የጋብቻ ማስረጃ ያለው ሰው ሁሉ ይገባል ብሎ መተማመን ከንቱ ነው።

እኛ የመንግሥትን መብት አንነካም። ወንጀል ሠርቶ የሚሸሽ ሰው በጋብቻ ስም ይደበቃል፤ ለገንዘብ ሲባል የሚጻፍ የውሸት ጋብቻም አለ፤ «አገባሻለሁ» ተብላ ወደ ባዕድ አገር ተወስዳ ለባርነት ሥራ የተዳረገች ልጅም አለች። ኬላ ጠባቂው ተግቶ ባይመረምር ኖሮ የሚጎዳው የራሳችን ቤተ ሰብ በሆነ ነበር። የምንለው ሌላ ነው። በፍርድ ቤት ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍርድ እንደ ፍርድ አይቈጠርም፤ የተፈረደበትም ሰው ፍርዱን በጽሑፍ ወስዶ ወደ በላይ ይግባኝ ይላል። ከአንድ ቤት ባልን ወይም ሚስትን የሚያስቀር ቃል ከገንዘብ ክርክር ፍርድ ያነሰ ነገር አይደለምና፥ እንደዚያው በጽሑፍ፥ ከነምክንያቱ፥ የሚመረምረውም አካል ተለይቶ መሰጠት ይገባዋል። «የደኅንነት ምስጢር ነው» የሚል መልስ ቢሰጥ እንኳ፥ ምስጢሩ ቢያንስ ለአንድ ዳኛ ሊገለጥ ይችላል። በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እንዲቆም አባቶቻችን ደንግገዋል። ከኬላ የቆመ ባዕድም በዚህ ቃል ለመማጸን መብት ሊኖረው ይገባል።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት ማቆም የማይቻል ነገር አይደለም። በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ ነጋዴና ዕቃ በሁለት ስፍራ እንዳይንገላታ ተብሎ የተሠራ ነው። ለከብትና ለቡና የታሰበው ለትዳር አይታሰብም ማለት አይገባም።

ለተጋቢዎችም የምንመክረው አለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ድግሱ ከመደገሱ በፊት የሁለቱን አገሮች ሕግ ከኤምባሲና ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያሻል። ጋብቻው በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይጻፍ፤ ማስረጃው በሚፈለገው ቋንቋ ይተርጐም፤ በሚመለከታቸውም መሥሪያ ቤቶች ይረጋገጥ። ልጅ ሲወለድ የሁለቱም ወላጆች ስም በልደት መዝገብ ሳይውል ሳያድር ይግባ። በቪዛ ማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ፥ ወይም ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ በአቋራጭ ለመግባት መሞከር፥ ነገ በሩን ለዘለቄታ የሚያዘጋ ነው። የተከለከለም ሰው ከመቈጣቱ በፊት የክልከላውን ወረቀት ይጠይቅ፤ ቀኑንና የተነገረውን ቃል ይጻፍ፤ ያለ ወረቀት አቤቱታ መነሻ የለውምና።

ለዘመድና ለጐረቤት ደግሞ አንድ ቃል አለን። ከኬላ የተመለሰን ሰው ሰፈሩ ብዙ ጊዜ እንደ ከዳተኛ ይቈጥረዋል። «ቢወድሽ ኖሮ ይመጣ ነበር» የሚል ቃል ከዘበኛው «ተመለስ» ይልቅ ቤት ያፈርሳል። ዘበኛው የከለከለው መግባትን ነው፤ ዘመድ ግን ተስፋን ይከለክላል። ልጆችም አባታቸው ወይም እናታቸው ስለ ምን እንደ ቀረ እውነቱን በሚገባቸው ቃል ሊነገራቸው ይገባል፤ ያልተነገረው ልጅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋልና።

በመጨረሻም፥ ከአንባብያን መካከል ማኅተም በእጃቸው ያለ፥ ወይም ደንብ በሚረቀቅበት ጉባኤ የሚቀመጡ እንዳሉ እናውቃለን። ለእነርሱ የምናቀርበው ልመና ቀላል ነው፤ የሚከለከለውን ከልክሉ፤ ነገር ግን ምክንያቱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፥ አቤት የሚልበትንም ስፍራና ቀን አመልክታችሁ ስጡት። ያ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ፥ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ የምትጠብቀው ሚስቱ ወዴት ሄዳ እንደምትጠይቅ ታውቃለች።