«ትንሽ ምን ታደርጋለች?»

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዕለት ከባለቤቴ ጋር ሆነን እናቴን እንኳን አደረሰዎ ለማለት ሄደን ነበር። እናቴ በገዛ እጃቸው የጋገሩትን ድፎ ዳቦ ቈርሰው መጀመሪያ ያቀረቡት ለባለቤቴ ነው። እርስዋም ብድግ ብላ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስንዴ እንዳልበላ ሐኪም ከልክሎኛል» አለቻቸው። እናቴ ቅር አላቸው። «ዳቦው ነው የተከለከለው ወይስ የእኔ እጅ?» ብለው ቢጠይቁ የተቀመጠው ዘመድ ሁሉ ሣቀ። እኔም ነገሩን ያለዘብሁ መስሎኝ፣ «ለበዓል ያህል ቅመሺላቸው እንጂ፤ ትንሽ ምን ታደርግሻለች?» አልኋት። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየችና ዳቦውን ተቀብላ በላች። በማግሥቱም በሠልስቱም ሆድዋን ይዛ ከአልጋ ሳትወርድ ዋለች። ጥፋቱ የእናቴ እንዳልሆነ፣ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን የቤቴን ጕዳይ በአደባባይ የማወጣው በባለቤቴ ፈቃድ ነው። ትዳር የያዛችሁ ወይም ለመያዝ የምታስቡ ወጣቶች፣ እንዲህ ያለ ነገር ነገ በቤታችሁ ቢገባ እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት በማሰብ ነው።

የባለቤቴ ሕመም ሴሊያክ ይባላል። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የቀዝቃዛ አገር እህል ግሉተን የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ሊጥን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው እርሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን በበላ ጊዜ፣ ከበሽታ ሊጠብቀው የተሰጠው የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ይወጋዋል። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንደ ከፋይ ጠጕር ቆመው ምግቡን የሚስቡት ጥቃቅን ነገሮችም እየተጐዱ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰውየው እየበላ ይራባል ማለት ነው። ደም ያንሰዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጕልበት ያጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ባለቤቴም ሁለት ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ጨጓራ ነው፣ አንድ ጊዜ አሜባ ነው እየተባለች፣ የደም ማነስ ክኒን ስትውጥ ኖራለች። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሐኪም ደምዋን ለዚሁ ጕዳይ አስመረመረ፤ ቀጥሎም ከአንጀትዋ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ሲታይ ነገሩ ተረጋገጠ።

ሕመሙ እንደ ጕንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ ብዙዎቹም እንዳለባቸው አያውቁም። እስከ ዛሬ የተገኘው ፈውስ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው። ይህ ከተደረገ አንጀት በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያገግማል።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሳሙኤል ጊ የተባለው የሎንዶን ሐኪም ስለ ሕመሙ ሲጽፍ፣ መዳኛው በምግብ በኩል መፈለግ እንዳለበት ገልጾ ነበር፤ የትኛው ምግብ እንደሚጐዳ ግን አልታወቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የብርድ ወራት ኔዘርላንድን ረኃብ መታት፤ ዳቦም ጠፋ። ጤነኛው ሕፃን በሚከሳበት በዚያ ጊዜ፣ በሴሊያክ የሚሠቃዩት ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። በሔግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ቪለም ዲከ ቀድሞም ስንዴን ይጠረጥር ነበርና፣ ምርምሩን ገፍቶበት በ1950 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ይህን ይፋ አደረገ።

አሁን ወደዚያች «ትንሽ» እንመለስ። አንድ ቀጭን የፉርኖ ዳቦ ቁራጭ ሁለት ግራም ያህል ግሉተን ይይዛል። በ2007 የታተመ የኢጣልያ ሐኪሞች ጥናት እንዳስረዳው፣ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ሕመምተኞች አንጀታቸው ሲጐዳ ታይቷል። ይህም ያንን ቁራጭ አርባ ቦታ ከፍሎ አንዱን እንደ ማንሣት ነው። ከገበታ ላይ በእጅ ጠርገን የምንጥለው ፍርፋሪ ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ለእናቴ ደስታ ብዬ ባለቤቴን ያስበላኋት ምን ያህል እንደ ነበር አንባቢ ያስላው።

ኢትዮጵያዊ በመሆናችን በዚህ ሕመም በኩል ትልቅ ዕድል አለን። ጤፋችን ግሉተን የለውም። ይህንንም የዚያው የዲከ አገር ተመራማሪዎች መርምረው በ2005 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። በቆሎው፣ ማሽላው፣ ዳጉሳው፣ ሩዙ፣ ቆጮውና ቡላው፣ ምስሩና ሽምብራው ሁሉ በተፈጥሮው ከዚህ ነገር ነጻ ነው። ሌላው ዓለም በልዩ መደብር በውድ ዋጋ የሚፈልገውን ምግብ እኛ በመሶባችን ይዘነዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ዕድል ያዘናጋል። «እንጀራ ከበላች ምን ቀረባት?» ይባላል። ለንግድ የሚጋገር እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ንጹሕ ጤፍ ገዝተን ብናስፈጭም፣ ወፍጮው ከእኛ በፊት የሰው ስንዴ ሲፈጭበት ቆይቶ እንደ ሆነ ዱቄቱ ይቀላቀላል። ሽሮውና በርበሬውም እንደዚሁ ነው። እርሾ ከጎረቤት ብንበደር፣ የጎረቤታችን ሊጥ ምን እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ለቡና ቁርስ የሚቀርበው የገብስ ቆሎ፣ ቂንጬው፣ በሶውና ጭኮው፣ በገብስ ብቅል የሚጠመቀው ጠላና ቢራው ሁሉ የተከለከለ ነው። እኛ ቤት ጤፍ ገዝተን፣ ለቅመን፣ ወፍጮ ቤቱ በጠዋት ሌላ እህል ሳይፈጭበት የምናስፈጭበትን ቀን ከባለ ወፍጮው ጋር ተስማምተናል፤ ሰውየውም ምክንያቱን ከነገርነው ወዲህ ወፍጮውን አስቀድሞ በደንብ ይጠርግልናል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የምግቡ ዓይነት አይደለም፤ የገበታው ነገር ነው። ከዘመን መለወጫው ጥፋት በኋላ ተጠንቃቂ ባል የሆንሁ መሰለኝና፣ ለባለቤቴ ልዩ ሰሐን፣ ልዩ ማንኪያ፣ ልዩ ድስት ገዛሁላት። እኔ በትሪው ላይ፣ እርስዋ በሰሐንዋ ላይ ሆነን መብላት ጀመርን። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቈየን በኋላ አንድ ቀን ማታ ሰሐንዋን ገፋ አድርጋ፣ «ሆዴስ ተሽሎኛል፤ ቤቴ ግን ሆስፒታል መሰለኝ» አለችኝ።

በእውነቱ በአገራችን አብሮ መብላት ከመጥገብ የበለጠ ትርጕም አለው። ያስታረቅነውን ሰው አብረን እናበላለን። የወደድነውን እናጎርሳለን። ሰሐኑ የተለየበት ሰው፣ ምንም እንኳ በፍቅር ቢለይ፣ ከዘመድ የተለየ ይመስለዋል። ስለዚህ በበኩሌ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ የታመመውን ከገበታው ከማውጣት ይልቅ ሕመሙን ከገበታው ማውጣት ይሻላል። ዛሬ በቤታችን ትሪው አንድ ነው፤ በትሪው ላይም እርስዋ የማትበላው ነገር አይቀርብም። ፓስታና ማካሮኒው ቀርቶ በሩዝና በድንች ተተክቷል። ዳቦ ያማረኝ እንደ ሆነ ከቢሮዬ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በልቼ፣ እጄንና አፌን ታጥቤ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

አንድ ባልንጀራዬ ይህን ሰምቶ፣ «የታመመችው እርስዋ፣ የምትጾመው አንተ! እርስዋ ትጠንቀቅ እንጂ የቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ምን ይቸገራል? ደግሞስ የጤፍ ዋጋ በዛሬው ኑሮ ይቻላልን?» ሲል ተከራከረኝ። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ ለወር ደመወዝተኛ ንጹሕ ጤፍ ቀላል ወጪ አይደለም። ነገር ግን በሳምንት ጥቂት ቀን በቆሎና ማሽላ፣ ቆጮና ድንች በማፈራረቅ ሸክሙ ይቀልላል። ለጥንቃቄው ግን መልሴ ሌላ ነው። ዱቄት ይበንናል፣ ፍርፋሪ ይወድቃል፣ ዳቦ የቈረሰ እጅ ወጡን ያጠቅሳል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ብቻውን ሊጠነቀቅ የማይችልበት ሕመም ነውና፣ ጥንቃቄውን ለእርስዋ ብቻ መተው ሕመሙን ለእርስዋ ብቻ እንደ መተው ይቈጠራል።

ሌላም ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ይኸውም ዘበኛ መሆኔ ነው። «ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ? ጠይቀሻል ወይ?» እያልሁ ሰላም ነሣኋት። ባለቤቴ የተማረች፣ ሥራ ያላት፣ ከእኔ ይልቅ ስለ ሕመምዋ ያነበበች ሰው ናት። የባል ረዳትነት የሚፈለገው ሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በዘመድ ፊት ነው። ምራት አማትዋን «አልበላም» ማለት ይከብዳታል። ልጅ ለእናቱ ቢናገር ግን አይከብድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እንሰማለን፤ ታማሚዋ ገልጣ ስትናገር በሣቅ አፍዋን የምናስይዛት ከሆነ ግን ደባቂዎቹ እኛ ነን። ስለዚህ ወደ ማንም ቤት ከመሄዳችን በፊት ስልክ ደውዬ የምናገረው እኔ ሆኛለሁ።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። መጀመሪያ፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ ስንዴን በገዛ ፈቃድ ከመተው በፊት መመርመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስንዴ መብላት ካቆሙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሕመሙን ሊስተው ይችላል። የሕመምተኛው ልጆች፣ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ሕመሙ ሊኖርባቸው የሚችለው ከአሥር አንዱን ያህል ስለ ሆነ፣ እነርሱም ሐኪም ያማክሩ። ሁለተኛ፣ በቢሮ ስብሰባ ላይ ኬክና ብስኩት ስታቀርቡ ወይም ወዳጃችሁን በግድ ስታጎርሱ፣ «አልችልም» ያለውን ሰው ምክንያቱን አጥብቃችሁ ሳትመረምሩ እመኑት።

ለገና በዓል ደግሞ እናቴ ቤት ሄድን። አስቀድሜ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ ነገሩን ሁሉ አስረድቻቸው ነበር። እናቴ ድፎውን በሌላ ክፍል ቈርሰው ለእንግዳው ሰጡ። ለቡናው ቁርስ የገብሱን ቆሎ ትተው ፈንዲሻና የሽምብራ ቆሎ አቀረቡ። እኛ ከቤታችን የወሰድነው እንጀራ በመሶቡ ላይ ተዘረጋ። ከዚያም እናቴ እጃቸውን እንደ ገና ታጥበው ተመለሱና፣ ከዶሮው ወጥ ጠቅልለው፣ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ የዛሬውስ አይመልስሽም» ብለው ባለቤቴን አጎረሱዋት።

ያን ቀን በላች፤ በማግሥቱም በጤና ሥራዋ ገባች። ለዚህ ያስፈለገው አንድ ቀን መነጋገርና አንድ ጊዜ እጅ መታጠብ ብቻ ነበር። «ትንሽ ምን ታደርጋለች?» ለምንል ሰዎች መልሱ ይኸው ነው፤ ትንሽ ፍርፋሪ ትጐዳለች፣ ትንሽ ጥንቃቄም ታድናለች።